ጀሪካኗን ያነሳሁ ለት

የተጎዳሁት ድሬዳዋ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ስኳር ሳወርድ ነው። ግንቦት ነበር። 50 ኪሎውን ጆንያ ትከሻዬ ላይ እንዳደረግኩ እግሬን ሳላዞር ወገቤን ብቻ ጠምዘዝ አደረግኩ። በቃ፣ እሱ ነው። ህመሙ ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ ቂጤ በኩል እስከ እግሬ አውራ ጣት እንደ ኮረንቲ ወረደ።

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች "ብርድ መትቶህ ነው" አሉኝ። በድሬ ግንቦት ብርድ! ግን አመንኩ። እማዬ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ፤ ታሸሁ፣ ባሰብኝ። ሁለት ወር እንዲሁ አለፈ። የነቃሁት ነጠላ ጫማዬ ስሄድ ከቀኝ እግሬ እየወለቀ መቅረት ሲጀምር ነው። እኔ ጫማው ሰፍቶኝ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ። እሱም ወለቀ።

ኤምአርአይ ስነሳ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። ዶክተሩ ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በጊዜ ብዛት እንደሚሻለው ነገረኝ። የኔ ግን እግሬ እየደከመ ስለሆነ መቆየት አያዋጣም አለ። አንድ ነገር ደግሞ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፤ ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ወይም በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘህ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ና።

ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ተሠራልኝ። ስለሱ ብዙ የማወራው የለም፣ ተኝቼ ነበር። ስነቃ የእግሬ ኮረንቲ ጠፍቷል። የአውራ ጣቴ ድንዛዜ ግን ወራት ቆየ።

ከባዱ ሥራ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ለስድስት ሳምንት ሦስት ነገር ከለከለችኝ፦ ማጎንበስ፣ መጠማዘዝ፣ ከሁለት ኪሎ በላይ ማንሳት። ከአልጋ መነሳት እንደ አዲስ ተማርኩ። መጀመሪያ ጉልበቴን አጥፌ ትከሻዬንና ዳሌዬን አንድ ላይ፣ እንደ ግንድ፣ ወደ ጎን እገለበጣለሁ። ከዚያ እግሬን ከአልጋው ጠርዝ ላይ እያወረድኩ በክርኔ እገፋለሁ። እግሩ ሲወርድ ደረቱ ይነሳል። በሆዴ ጡንቻ ለመነሳት የሞከርኩ ለት ጩኸቴን ጎረቤት ሰምቶታል።

ቤታችን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው አልተሠራም። ቡና የሚጠጣው በርጩማ ላይ ነው፤ እኔ ቆሜ ጠጣሁ። መጸዳጃችን ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ጎረቤታችን አናጢው የላስቲክ ወንበር መሃሉን ቀዶ ሠራልኝ። የህመም ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል፣ ማማጥ ደግሞ ወገብ ይገድላል። ይሄን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ያዳነኝ የእማዬ ተልባና ብዙ ውሃ ነው።

እማዬ "ተኛ ልጄ፣ አትነሳ" ትለኛለች። ሐኪሞቹ "ተራመድ" ይላሉ። ሐኪሞቹን ሰማሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር መራመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ። በአራተኛው ሳምንት አሮጌው ባቡር ጣቢያ ደርሼ ተመለስኩ። ባጃጅ ግን እርሙ፤ ድንጋይ ንጣፉ ላይ እያንዳንዱ መንገጫገጭ ስፌቴ ድረስ ይመጣ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ሌሊት ውሃ መጣች። ሁሉም ተኝቷል። ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን ሞልታ እየፈሰሰች ነበር። ደህና ነኝ ብዬ ጎንበስ አልኩና አነሳኋት። እስከ በሩ እንኳ አላደረስኳትም። አስር ቀን ወደ ኋላ ተመለስኩ። ዲስኩ ተመልሶ ስላልወጣ እድለኛ ነህ ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ያነሳኋት ውሃው አሳዝኖኝ አይደለም። እማዬ ስትሸከም ማየት አሳፍሮኝ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ከህመሙ እኩል ያንገበገበኝ እሱ ነው። በተጎዳሁበት ቀን ለማንም በጽሑፍ አላስመዘገብኩም። በኋላ አሠሪዬ "ቤትህ ተጎድተህ ቢሆንስ?" አለኝ። አብሮኝ ሲያወርድ የነበረ ልጅ ባይመሰክርልኝ ኖሮ ባዶ እጄን ቀርቼ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ያነበብኩት ያኔ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል፣ ሕክምናውንም ይሸፍናል። መሥራት ላልቻልክበት ጊዜ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። የኔ ዘግይቶም ቢሆን ተከፈለኝ። ወገባችሁ "ቀጭ" ካለ ግን ብርድ ነው ከመባሉ በፊት በዚያው ቀን አስጽፉ፣ ኮፒውንም ያዙ።

ዛሬ እዚያው መጋዘን በር ላይ ተቀምጬ ጆንያ እቆጥራለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቼ እንጎራደዳለሁ፤ ልጆቹ "ዘበኛው" ይሉኛል። ውሃ ስትመጣ በአምስት አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው የምቀዳው፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ። ጎረቤቴ "አቦ፣ እስኪነጋ ልትመላለስ ነው?" ይለኛል።

እመላለሳለሁ።