ሎንግየርቢየን፦ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ የሠራት ከተማ

አስቀድሞ የቪዛው ነገር። ሎንግየርቢየን የምትገኝበት ስቫልባርድ በኖርዌይ ሥር ያለ የአርክቲክ ደሴቶች ስብስብ ቢሆንም ከሸንገን ክልል ውጪ ነው። ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም። አውሮፕላኑ ግን የሚነሳው ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ መያዝ አለበት። በአንድ ጊዜ መግቢያ የሄደ ሰው ሲመለስ ችግር ይገጥመዋል።

ከተማዋን ለማየት የምመክረው ከሸለቆው ራስ፣ ከኒቢየን፣ ጀምሮ ቁልቁል በእግር መውረድን ነው። እኔም ያየኋት እንደዚያ ነው፤ ከሰሉም ወደ ወደቡ የወረደው በዚሁ አቅጣጫ ነበር።

የከሰል ማውጣቱን ሥራ እዚህ የጀመረው ጆን መንሮ ሎንግየር የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ነው፤ በ1906 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። በ1916 ስቶሬ ኖርስኬ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ገዛው። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ቤቱም፣ ሱቁም፣ መመገቢያውም የኩባንያው ነበር። የሚገበያዩበት ገንዘብ እንኳ ኩባንያው ያሳተመው ወረቀት ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው በ1975 እስኪከፈት ድረስ ባሕሩ በረዶ ከሠራ መርከብ አይገባም፤ በመጸው ያልተሳፈረ ሠራተኛ እዚያው ይከርማል። ሕዝቡ የራሱን የአካባቢ ምክር ቤት ያገኘው ገና በ2002 ነው።

ኒቢየን ያሉት ረጃጅም ቤቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለማዕድን ሠራተኞች የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። ቢሮ ሠራተኞችና አለቆች መኖሪያቸውም መመገቢያቸውም ለብቻ ነበር፤ የእነሱ መመገቢያ የነበረው ፉንከን አሁን ሆቴል ነው። ከኒቢየን በላይ ተራራው ወገብ ላይ የሚታየው ቁጥር 2 ማዕድን ማውጫ ነው። በ1943 የጀርመን የጦር መርከቦች ከተማዋን ሲደበድቡ በእሳት ተያያዘ፤ እስከ 1962 አልጠፋም። ከሰል በተራራ ውስጥ ከተቀጣጠለ በስንጥቁ አየር እያገኘ ይብሰለሰላል እንጂ በቀላሉ አይጠፋም።

ከሸለቆው ማዶ ያለው ቁጥር 1 ደግሞ በጥር 1920 ፈንድቶ 26 ሰው ገድሏል። በከሰል ማውጫ ከሚቴን ጋዝ ይልቅ የሚያስፈራው የከሰሉ ብናኝ ነው። ትንሽ ፍንዳታ መሬት ላይ የተኛውን ብናኝ ያስነሳዋል፤ የተነሳውም ራሱ እየነደደ እሳቱን ወደ ሌላው ዋሻ ይወስደዋል። መከላከያው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ግድግዳውና ወለሉ ላይ መበተን ነው፤ ብናኙ አብሮት ሲነሳ ሙቀቱን ይውጠዋል።

ውስጡን ማየት የሚፈልግ ከአየር ማረፊያው በላይ ወዳለው ቁጥር 3 ይሂድ። ከ1971 እስከ 1996 ሠርቷል፤ አሁን በአስጎብኚ ብቻ ይገባል። ቱታ፣ የራስ ቁርና የግንባር መብራት እዚያው ይሰጣል። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ ከዜሮ በታች ስለሆነ ከሥር የሱፍ ልብስ ይለበስ፤ ወፍራም ካፖርት ግን ቱታው ውስጥ አይገባም። የከሰሉ ንጣፍ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሠራተኞቹ የቆፈሩት ተኝተውና በደረታቸው እየተሳቡ ነው። የኖርዲክ አገሮች ዘር ባንክ በ1984 መጠባበቂያ ዘሩን ያስቀመጠው በዚሁ ማውጫ ውስጥ ነበር። በ2008 የተከፈተው ዓለም አቀፉ የዘር ማከማቻም እዚያው አቅራቢያ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ካለው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የተላከ የመኖ ዘርም ይዟል። የሚታየው ግን በሩ ብቻ ነው።

ዓይን የማይስተው የከተማዋ ቅርስ ከሰሉን በባልዲ እያንጠለጠለ ያወርድ የነበረው የሽቦ ገመድ የእንጨት ማማዎች ናቸው። ገመዱ በ1987 ቆመ፤ ሥራውንም የጭነት መኪና ወሰደው። ማማዎቹን ጠጋ ብሎ ላያቸው፣ ላይኛው እንጨት በቅዝቃዜውና በደረቁ አየር ምክንያት ደህና ነው፤ የሚበሰብሰው በጋ ላይ አፈሩ ቀልጦ በሚረጥብበት፣ ልክ ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ውርጩ ደግሞ በየዓመቱ እግሩን ወደ ላይ እየነቀለ ያዘመዋል።

በስቫልባርድ ሕግ ከ1946 በፊት የነበረ የሰው ሥራ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ የተጠበቀ ነው፤ የዛገ ሚስማር እንኳ ማንሳት ክልክል ነው። ለእኔ ይህ የ1946 መስመር ግትር ነው። ሌላዋ የኩባንያው የከሰል ሰፈር ስቬያ ሥራዋ ሲያበቃ በመንግሥት ወጪ ፈርሳ ተጠርጋለች፤ ከ1946 በፊት የነበረው ጥቂት ነገር ቀረ፣ የሰባዎቹና የሰማንያዎቹ ሠራተኛ የኖረበት ግን የለም። በሎንግየርቢየን የከሰል ኃይል ማመንጫው በ2023 በናፍጣ ተተካ፤ የመጨረሻው ማውጫ ቁጥር 7ም በ2025 ተዘግቷል። ከእነዚህ የትኛው እንደሚቀር መወሰን ያለበት አሁን፣ ማሽኑን የሚያውቁት ሠራተኞች ሳይበተኑ ነው።

ከሰፈሩ ወሰን ውጪ የዋልታ ድብ ስላለ ያለ መሣሪያና ያለ አስጎብኚ አይኬድም። ሙዚየሙና ብዙው ማረፊያ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ የከሰል ብናኝ ቤት እንዳይገባ የተጀመረ ልማድ ነው። ካልሲው ያልተቀደደ ይሁን።