ባላጋራ የሌለበት ሙግት

የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቼን አመዛዛኝ ድርሰት ሳርም አመሸሁ። የመጀመሪያው ዙር ርዕስ «ወደ ዓረብ አገር መሰደድ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል ነበር። አንድም ልጅ «ይገባል» አላለም። ይህ እንግዲህ ደሴ ላይ ነው! ከሐርቡ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ጅዳ ወይም ሪያድ እህት ወይም አክስት የሌለችው ልጅ ከክፍሌ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የቤት ኪራዩን የምትልክለት እህቱ ሆና ሳለ «ሁላችንም እንደምናውቀው ስደት አስከፊ ነው» ብሎ ይጀምርና «ስለዚህ ስደትን በጋራ እንከላከል» ብሎ ይዘጋል። መካከሉ ከሬዲዮ የተሰማ ነው።

ክርክር ስለማይችሉ አይደለም። በእረፍት ሰዓት ስለ ኳስም ሆነ ስለ ባጃጅ ታሪፍ ሲነታረኩ ለሰማቸው ጠበቆች ናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው ከአፉ ይቀማዋል፤ የተቀማው ደግሞ ያንኑ ይዞ ይመልስበታል። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን የሚቀማቸው ሰው የለም። አያቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሲሟገቱ ባላጋራው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። «ተጠየቅ!» ሲባል ዝም ማለት መረታት ስለሆነ፣ ተሟጋቹ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ነገር አስቦ ነበር ወደ ችሎት የሚቀርበው። መማሪያ መጽሐፎቻችን ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው ብለው ያስተምራሉ። ልክ ነው፤ ግን ባላጋራው የት እንደሚቆም አይናገሩም።

ሌላም ምክንያት አለ። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተምረው ነበርና አንድ ልጅ «ንጉሡ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ ምኑን ክርክር ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን በአፄ ዮሐንስ ፊት የተደረገውን የሃይማኖት ክርክር ማለቱ ነው። ጥያቄው ለታሪክ መምህሩ ይቅርና ለእኔም ክፍል የሚሆን ነው። ልጆቹ ለእኔ የሚጻፈው ምን እንደሆነ አስቀድመው ወስነዋል፤ መምህር ስደትን ይቃወማል፣ ነጥብም የሚሰጠው መምህር ነው። ማሳመን ቀርቶ መስማማት ሆነ።

ስለዚህ ጥያቄውን አጠበብሁት። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ለጊዜው አግዶ ነበር። እገዳው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? አሁን እኔ ምን እንደማስብ ለመገመት አስቸጋሪ ሆነባቸው፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም አስቸጋሪ ነው።

ሁለት ወረቀቶች ዓይኔን ያዙት። ሁለቱም የተጠቀሙት አንድ ማስረጃ ነው፤ በዚያው ዓመት ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸውን። ልጁ «ይህን ያህል ሰው ተባርሮ እያየን ማገዱ ትክክል ነበር» አለ። ልጅቷ ደግሞ «የተባረሩት አብዛኞቹ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው ናቸው፤ ሕጋዊው በር ሲዘጋ በባቲ ወደ አፋር ወርዶ፣ ከጅቡቲ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው ይጨምራል» አለች።

ሁለቱን ወረቀቶች ስም ሳልጠራ ለክፍሉ አነበብኋቸውና ጠቡ የት ላይ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ቁጥሩ ላይ» አሉ። ቁጥሩ ላይማ ተስማምተዋል። ስቴቨን ቱልሚን የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ከማስረጃውና ከአቋሙ መካከል ሁለቱን የሚያያይዝ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ እምነት አለ ይላል። የልጁ እምነት «የተከለከለ ሰው ይቀራል» የሚል ነው። የልጅቷ «የተከለከለ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል» ነው። ሁለቱም አልጻፉትም፤ መረጋገጥ የነበረበት ግን እሱ ነበር። ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር «ታዲያ ቁጥሩን ብቻ ስንቆልል የከረምነው ለምንድን ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደስ አለኝ።

ልጅቷ ግን አንድ ነገር አበላሽታለች። እገዳውን የደገፉትን «የድሃ ችግር የማይገባቸው» ብላ አልፋቸዋለች። ኅዳጉ ላይ «የሚያግደው ሰው ምን ፈርቶ ነው ያገደው?» ብዬ ጻፍሁላት። በእረፍት መጣች።

«ቲቸር፣ የእነሱንም እኔ ልጻፍላቸው?»

«አዎ፤ እነሱ ከሚጽፉት አሳምረሽ።»

ተከፍታ ሄደች። የዛሬው ወረቀቷ ግን ሌላ ነው። ደመወዟን ሳትቀበል፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዛባት የተመለሰች ጎረቤቷን ጽፋለች፤ ሴትየዋ ዛሬም የበር ደወል ስትሰማ እንደምትደነግጥ ጭምር። እገዳውን እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልደግፈውም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዞራ የምትሟገተው፤ መድኃኒቱ መዝጋት ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እንደታሰበው ከተቀባይ አገር ጋር ስምምነት መፈራረም፣ ተጓዧንም አሠልጥኖ መላክ ነው ትላለች። አዋጁን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ እኔ አልሰጠኋትም።

ይህ ሁሉ ድካም ለብሔራዊ ፈተናው አይጠቅምም። እዚያ ፊደል መምረጥ እንጂ ድርሰት መጻፍ የለም፤ ወላጆችም ይህን ስለሚያውቁ «ወርክሺት ስጧቸው» ይሉናል። እሰጣለሁ፤ አርብ አርብ።

የልጅቷን ወረቀት ገና አልመለስሁላትም። አዋጁ ሲወጣ ለጉዞ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅን ይጠይቅ ነበር፤ እሷም ይህን በበጎ ጎኑ ጠቅሳዋለች። ከሥሩ «ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውስ በየት ትሂድ?» ብዬ ጽፌያለሁ። ነገ እሰጣታለሁ።