ግማሽ እንጀራ፣ ጉርሻን ጨምሮ

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ሽንኩርት እየመረጥኩ አንዲት የድሮ ባልደረባዬ አገኘችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ደስ አለኝ! ይችው ሴትዮ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ጅማ መርካቶ አግኝታኝ «ውይ ተመችቶሻል!» ብላ አገላብጣ ስማኝ ነበር። ያኔ የጨመርኩት 8 ኪሎ ነው። እኛ ጋ መወፈር መመቸት ነው። መክሳት ደግሞ ወይ በሽታ ነው ወይ ባል ነው።

አልታመምኩም፣ ባሌም ሰላም ነው። በሐኪም ክትትል ክብደት መቀነስ ከጀመርኩ 10 ሳምንት ሆነኝ። ቢሮም ሰፈርም የሚጠይቀኝ ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ነገሩ የመጣው በእማዬ በኩል ነው። ስኳር አለባት፣ በየጊዜው ለክትትል እወስዳታለሁ። አንድ ቀን ነርሷ የእማዬን ግፊት ለክታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር አለችና «አንቺስ ተለክተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ለጨዋታ ያህል እጄን ሰጠኋት። 142 በ91። ነርሷ አልሳቀችም። «በአንድ ቀን ልኬት ግፊት አለብሽ አይባልም፣ ግን በባዶ ሆድ ተመለሺ» አለችኝ።

ተመለስኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ደም ሰጠሁ። የጾም ስኳሬ 117 ሆነ። ሐኪሙ ወረቀቱ ጀርባ ላይ መስመር አሰመረልኝ፦ ከ100 በታች ጤነኛ፣ 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር፣ እኔ መሀል ላይ። ቁመት 1 ሜትር ከ60፣ ክብደት 89 ኪሎ፣ የወገብ ዙሪያ 104 ሳንቲ ሜትር (ለሴት ከ80 ሲያልፍ ማሰብ ይጀመራል)። ክብደትን ለቁመት ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉት የሚመጣው ቢኤምአይ የሚሉት ቁጥር 34.8 ወጣ። ከ30 በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። አባ ጅፋር ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ ነበር ይባላል አይደል? በሳቸው ቁመት ብሆን ኖሮ በዚሁ 89 ኪሎ ቢኤምአዬ 22 ገደማ ነበር፣ ሸንቃጣ እባል ነበር። ይህን ለሐኪሙ ነገርኩት። «እንግዲህ ቁመት የሚጨምር መድኃኒት የለንም» አለኝ።

ምግብ ሳያነሳ በፊት ብዙ ጠየቀኝ። የእንቅርት ዕጢ ምርመራ አዘዘ። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ እወስድ እንደሆነ ጠየቀ፤ አንዳንድ ሴት ላይ ክብደት እንደሚጨምር ለካ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። «ታንኮራፊያለሽ?» አለኝ። ባሌን ጠይቄ ልምጣ አልኩት። (ጠየቅኩት። መልሱን እዚህ አልጽፈውም።)

ከዚያ ግቡን ነገረኝ፦ ከ5 እስከ 7 በመቶ፣ ማለትም ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 6 ኪሎ ገደማ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ። ተናደድኩ። ለ6 ኪሎ ነው ካርድ ያወጣሁት? እኔ 25 ኪሎ አስቤ ነው የመጣሁት። እሱ ግን አሜሪካ ውስጥ ለስኳር የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ ጥናት አነሳልኝ። 7 በመቶ ክብደት መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ በዚህ ብቻ ወደ ስኳር የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። «ኪኒኑን ልጽፍልሽ እችላለሁ፣ መጀመሪያ ግን ያኛውን እንሞክር» አለኝ።

እዚህ ላይ ያለፈ ኃጢአቴን ተናዘዝኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ሱቅ የማቅጠኛ ሻይ ገዝቼ ነበር። ካርቶኑ ላይ ወገቧ እንደ ብርሌ አንገት የቀጠነ ሴት አለች፣ ሌላው ጽሑፍ የማላውቀው ቋንቋ ነው። 10 ቀን ጠጣሁና 4 ኪሎ ወረደልኝ። ችግሩ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። ማታ ጠጥቼ ንጋት ላይ መኪና ተሳፈርኩ፣ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግቤ በረሃ ስንደርስ ሹፌሩን እንዴት እንደለመንኩት እኔና ያን ቀን የተሳፈሩት ሰዎች እናውቃለን። ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳኝ፦ እንዲህ ዓይነቱ ሻይ ብዙውን ጊዜ ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር ነው፣ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፣ የበላሁት ምግብ ግን ቀድሞ ሰውነቴ ውስጥ ገብቷል። 4 ኪሎውም በሦስት ሳምንት ተመልሷል፣ ጓደኛም ይዞ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ መጻፍ ብቻ ነበር። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ አንድ ደብተር ግዢና ምንም ሳትቀይሪ የምትቀምሽውን ሁሉ ጻፊ አለችኝ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር፣ በልቤ «ጾም ላይ ሆኜ ምን ልታገኝብኝ ነው» እያልኩ ጻፍኩ። በሳምንቱ ደብተሩን ገለጠችና ጣቷን ቡና የሚለው ላይ አሳረፈች።

«ስኳሩስ?»

«ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ስንት ማንኪያ ነው?»

ቆጠርን። ቢሮ ከምሳ በኋላ ሁለት ሻይ፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ። ከሥራ ስገባ ጎረቤት ቡና አለ፣ አቦል ቶና በረካ፣ በሲኒ ሁለት ማንኪያ፣ ስድስት። ከእራት በኋላ ደግሞ እማዬ ቡና ሳትጠጣ አትተኛም፣ ሌላ ስድስት። እማዬ ስኳር ስላለባት ያለ ስኳር ትጠጣለች። የሷን ድርሻ እኔ ነበርኩ የምጠጣላት። በጠቅላላው 16 ማንኪያ። እቤት ሄጄ 16ቱን ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኩና ኩሽና ውስጥ አስቀመጥኩት። ትንሿ ልጄ አይታ «ኬክ ልትሠሪልን ነው?» አለች። ማንኪያውን 4 ግራም ብንለው በቀን 64 ግራም ነው፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 25 ግራም ገደማ ላይ ብንቆም ይሻላል የሚለው የምግቡንም የለስላሳውንም ተጨማሪ ስኳር ደምሮ ነው። እኔ በሲኒ ብቻ ጨርሼዋለሁ።

ቀጥላ ዘይት ጠየቀችኝ። ስንት ትጠቀሚያለሽ አላለችኝም፣ ብትለኝ «ትንሽ» ነበር የምላት። «ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ስንት ቀን ያደርሳችኋል?» አለችኝ። 20 ቀን አልኳት። አምስት ሰው ነን። በቀን ሩብ ሊትር፣ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር፣ ይህም ከ400 ካሎሪ በላይ ነው፣ ምግቡ ሳይቆጠር። ሽሮው ላይ ዘይቱ ካልተንሳፈፈ ወጥ የማይመስለን ሰዎች ስለሆንን ጾም ላይ የምንወፍርበት ምስጢር ይኸው ነው። ድንቹ በዘይት፣ ጎመኑ በዘይት፣ ፓስታው በዘይት፣ ከዚያ «ጾም ጎዳኝ» ብለን ዳቦ እንጨምርበታለን። አሁን ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በውሃ ጠብ እያደረግኩ አቁላላለሁ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለክቼ መጨረሻ ላይ አገባለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጆቹ አኩርፈው በሉ። አሁን ጀሪካኑ 34 ቀን ሄዷል።

ዋናው ጦርነት ግን ትሪው ላይ ነበር።

ባለሙያዋ ሳህን ሥላ አሳየችኝ፦ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ምስር ወይም ባቄላ ወይም ሽሮ (ከጾም ውጪ ሥጋ ወይም እንቁላል)፣ ሩቡ እንጀራ። ቆንጆ ነው። ግን እኛ ቤት ሳህን የለም። ትሪ ነው ያለው፣ አምስታችን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ለብቻዬ በሳህን አቅርቤ ስቀመጥ ባሌ ትሪውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ «ተጣላን እንዴ?» አለኝ። እማዬ ደግሞ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ መብላቷን አቆመች፣ እሱ ይብሳል። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን አጥቤ መለስኩትና ለባለሙያዋ ሄጄ አልቻልኩም አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «ታዲያ እናንተ ቤት የሚቻለው ምንድነው?» አለችኝ።

መላውን ያመጣው ባሌ ነው። ግማሽ እንጀራ ጠቅልሎ በእኔ በኩል ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠልኝና «ይህ ያንቺ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ» አለ። ከፊቴ ጎመንና ሰላጣ ይበዛል፣ ወጡን ከመሀል ነው የማጠቅሰው። አሁን ልጆቹ ጥቅልሏን የእማማ ወሰን ይሏታል። የቀረን ጉርሻ ነበር። እማዬን እንቢ ማለት አይቻልም፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደግሞ ሁለተኛውን ታስከትላለች፣ የእሷ ጉርሻ ደግሞ የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ተደራደርን፦ ጉርሻው ከእኔ ጥቅል ተቆርሶ ይጠቀለል። እሷም ታጎርሳለች፣ እኔም አልጨምርም። ደብተሬ ላይ «ግማሽ እንጀራ፣ ጉርሻን ጨምሮ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ባለሙያዋ መጀመሪያ ስታነበው እስክታለቅስ ሳቀች።

እግር ጉዞው ከሁሉ ቀላሉ ነው፣ ጭቃው ባይኖር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ በአዌቱ ወንዝ በኩል 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ያቺው 150 ደቂቃ ናት። ጅማ መቼም ዝናብ አታጣም፣ ጃንጥላ የልብሴ አካል ሆኗል። ባጃጆች ቀስ እያሉ ጥሩንባ ይነፉልኛል፤ እያላበች በዝናብ የምትሄድ ሴት የገንዘብ ችግር ያለባት መስሏቸው ነው። አንዱማ «በነጻ ልውሰድሽ እናቴ» አለኝ። እሁድ እሁድ ወደ ጅሬን ዳገት እሞክራለሁ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ግን ገና አልደረስኩም።

ውጭ ያለችው እህቴ በመሀል ደውላ «ምን ያደክምሻል፣ ኦዘምፒክ ልላክልሽ» አለችኝ። ጓጓሁ፣ አልዋሽም። ሐኪሙን ጠየቅኩት። መርፌው እንደሚሠራ አልካደም፤ ኦዘምፒክ የስኳር መድኃኒት ሆኖ እንደመጣ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ እንዳለው፣ ሲያቆሙት አብዛኛው ክብደት እንደሚመለስ፣ ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት ነገረኝ። በሰው ሻንጣ ስንት ሰዓት ሙቀት ውስጥ እንደቆየ የማይታወቅ መርፌ፣ ያለ ክትትል፣ አይሆንም አለ። እህቴ ተቀየመችኝ። በምትኩ ጫማ ላኪልኝ አልኳት፣ እስካሁን አልላከችም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ጎረቤቶቻችን ለእንኳን አደረሳችሁ ያመጡት ኬክ፣ አማቶቼ ቤት የተበላው ቁርጥ። በአንድ ሳምንት 1 ኪሎ ከ300 ጨመርኩ። በቀጠሮዬ ቀን ልቀር ነበር፣ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አውልቄ ሁለት ጊዜ አጥልቄያለሁ። ሄድኩ። ነርሷ ቁጥሩን ጻፈችና ቀጣዩን ሰው ጠራች። ሐኪሙ «ቅቤው ጥሩ ነበር?» አለኝ። «በጣም» አልኩት። «እሺ፣ ደብተሩን አምጪው» አለ። ያን ቀን ብቀር ኖሮ እስካሁን የምቀር ይመስለኛል። ሻይ የሸጠልኝ ሰውዬ እኮ ተመልሼ እንድመጣ አልቀጠረኝም።

ዛሬ 84.3 ነኝ። የጾም ስኳሬ 106፣ ግፊቴ 130 በ84። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገብቷል። የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳየውን ምርመራ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደግመዋለን ተብያለሁ።

ቡናው ነገር አሁንም ያስቸግረኛል። ያለ ስኳር ስጀምር መራራነቱ ፊቴን ያጨማድደው ነበር። ጎረቤታችን እማማ አይተውኝ «ስኳር ድሮ የት ነበር ልጄ፣ እኛ በጨው ነበር የምንጠጣው» ብለው ቆንጠር አድርገው ጨመሩልኝ። ጣፈጠኝ! እየሮጥኩ ለሐኪሙ ነገርኩት። «በዚህ ግፊትሽ ጨው?» አለኝ። ተመልሼ ለእማማ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ተነስተው ከጓሯቸው የጤና አዳም ቅጠል ቀንጥበው ሲኒዬ ውስጥ ነከሩት፣ «ይህንንም ከከለከለ እኔን ይዘሽኝ ሂጂ» አሉኝ።