«በቤተሰብ የለም»

ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ወር ቢሆነኝ ነው። በማህፀን ሕክምና ክፍል የታካሚዎችን ታሪክ ተቀብዬ ካርድ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ፈጣን ነኝ፤ ፍጥነቴንም እወደው ነበር።

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመጣው። አገጯ ላይ ፀጉር ይወጣል፣ ብጉሩም አልለቅ ብሏታል። አልትራሳውንዱ ኦቫሪዎቿ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻዎቿ፣ ላይ ብዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሳይቷል። «ሲስት» ይባሉ እንጂ፣ እድገታቸውን ሳይጨርሱ የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ይሄ ስም ስንቱን በከንቱ አስደንግጧል! የተጠረጠረው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም፣ በአጭሩ ፒሲኦኤስ፣ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነበር።

«ከቤተሰብ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ያለበት ሰው አለ?» አልኳት።

«ኧረ የለም።»

«በቤተሰብ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ካርዱን ያዩት ዶክተር ጠሩኝ። «ማነው የለም ያለሽ?»

«እሷ ናት፣ ዶክተር።»

«ስሙን መቼ ሰማችው?»

ዝም አልኩ። የሰማችው ከእኔው አፍ፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት ነው።

እናቷ ውጭ ተቀምጠዋል። ልጅቷን አስፈቅደን አስገባናቸው። ዶክተር የበሽታውን ስም አንዴም አላነሱም። «በወጣትነትዎ የወር አበባዎ ወሩን ይጠብቅ ነበር?» አሉ ብቻ።

እናትየው ሳቁ። «የኔ? ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። የእናቴም እንደዚያው ነበር፤ የእኛ ቤት ሴቶች ተፈጥሯችን ነው።» ከዚያ ወሬው ተፈታ። እሷን የወለዱት ካገቡ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። አክስቷ ደግሞ ወረንጦ ከቦርሳዋ ጠፍቶ አያውቅም።

ዶክተር ቀጥለው ስለ አባትየው ጠየቁ፤ ስኳር አለባቸው። ስኳር የብዙ ሰው ነው፤ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ግን ውርሱ በአባት በኩልም ሊመጣ ይችላል። ወንድ ኦቫሪ ባይኖረውም፣ ከዚህ በሽታ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሄደው ችግር፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን በሰውነቱ በደንብ አለመሥራቱ፣ ሊታይበት ይችላል። እኔ ወንድ ዘመድ ይጠየቃል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድ የመንትዮች ጥናት፣ ማን እንደሚይዘው ከሚወስነው ነገር ወደ 70 በመቶ የሚሆነው የዘር ድርሻ ነው ይላል። ታዲያ በደም ምርመራ ጂኑን አይቶ መጨረስ አይቻልም? አይቻልም። በ2011 የቻይና ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋር የተያያዙ ሦስት የዘረመል ቦታዎችን አገኙ፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች ተጨምረዋል። አንዱ ጂን ዴንድ1ኤ ይባላል፤ ኦቫሪ ውስጥ የወንድ ሆርሞን በሚያመርቱት ሴሎች ሥራ እጁ አለበት። ግን እያንዳንዱ የሚያዋጣው ጥቂት ነው። የተገኙት ሁሉ ተደምረው እንኳ ከውርሱ አንድ አሥረኛውን አይሞሉም። እናትና አክስት የሚያወሩትን የሚተካ የጂን ምርመራ ገና የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ እሱን ነበር በአንድ ቃል የዘጋሁት።

ዶክተር 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል የደም ምርመራም አዘዙላት፤ ጠዋት የሚወሰድ ነው። ከኩላሊት በላይ ባለው እጢ ላይ የሚመጣ፣ ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ የአንድ ጂን ቅጂ ሲወረስ የሚከሰት ሌላ ችግር አለ። ምልክቱ ከዚህኛው ጋር መንታ ነው። እሱ ሳይጣራ «ፒሲኦኤስ ነው» አይባልም። ውጤቱ ደህና ሆነ።

ያን ዕለት እናትየው ለመውጣት ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። «እኔ ነኝ ያወረስኳት?»

ዶክተር ወንበር አስጠጉላቸው። «ከእርስዎም፣ ከአባቷም፣ ከሁለታችሁም ሊሆን ይችላል። ዓይኗንም እኮ ያወረሷት እርስዎ ነዎት። ደግሞ ዘር ብቻውን አይወስንም፤ የሚረዳ ሕክምናም አለ። መውለድም አይከለክላትም። አሁን የእርስዎንም ስኳር እንለካ።»

እኔ ካርዱ ላይ «የለም» የሚለውን ሰርዤ መጻፍ ጀመርኩ። ቦታው አልበቃኝም፤ ወደ ጀርባው ገለበጥኩት።

«አክስቷን ጻፍሽ፣ ልጄ?» አሉኝ እናትየው። «ታናሿም አለች፤ እሷንም ጨምሪ።»