ቀላል ወይን

ትናንት ማታ ጋሼ እራት ሊበሉ መጡ። ወይኑን ከፍሪጅ አውጥቼ ስቀዳላቸው ብርጭቆውን በእጃቸው ይዘው ዝም አሉ፣ ከዚያ «ቀይ ወይን እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ቀመሱት። «ቀላል ነው» አሉ።

ሙገሳ አልነበረም። በኛ ቋንቋ ሰው ቀለለ ከተባለ ተዋረደ ማለት ነው፣ ሊያመሰግኑት ሲፈልጉ ነው «እሱ ቀላል ሰው አይደለም» የሚሉት። (የአራዳ ልጆች «ቀላል!» ሲሉ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ለጋሼ ለማስረዳት አልሞከርኩም።) ለእሳቸው ቀይ ወይን ማለት ጉደር ነው፣ ከሥጋ ጋር የሚጠጣ፣ ፍሪጅ የማያውቀው። እኔም ብሆን ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተማ እስክመጣ ወይን ሲባል ትዝ የሚለኝ በሠርግ ቤት የሚቀዳው ጣፋጩ አክሱሚት ነበር።

ይሄኛው ፍለሪ ይባላል። ከሊዮን በስተሰሜን ካሉት የቦዦሌ ኮረብታዎች ነው የሚመጣው፣ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሊዮን ሁለት ወንዝ አላት፣ ሮንና ሶን፣ የከተማው ሰው ግን ሦስተኛው ወንዛችን ቦዦሌ ነው እያለ ይቀልዳል። ወይኑ የሚጠመቅበት ዝርያ ስሙ ጋሜ ነው። አዎ፣ ልክ እንደ ልጆች ጋሜ። መጀመሪያ ስሰማው ብቻዬን ሳቅኩ።

ሳቄ ያለቀው ባለፈው መስከረም ነው። ገንዘብ አጥሮኝ ስለነበር ለወይን ለቀማ ፍለሪ መንደር ሄድኩ፣ እንቁጣጣሽን እዚያው ጎንበስ ብዬ ዋልኩ። ጎንበስ ያልኩት ለወጉ አይደለም። የጋሜ ተክል እንደኛ አገር ሐረግ ወደ ላይ አይሰቀልም፣ ያረጀው ግንድ ከጉልበቴ ብዙም አይበልጥም፣ ዘለላው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። አፈሩ የተፈረፈረ ሮዝ ግራናይት ነው፣ አሸዋ ይመስላል፣ ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይቆረቁራል። ወገቤ ሲቆረጥ ቀና እላለሁ፣ ቀና ባልኩ ቁጥር ኮረብታው አናት ላይ የማርያም ጸሎት ቤት ይታየኛል። እመቤቴ ሆይ እላለሁ፣ እንደገና አጎነብሳለሁ። በሁለተኛው ቀን ጣቴን ከዘለላው ጋር ቆረጥኩት።

አንዱን ፍሬ በጣቴ ጨመቅኩት። ቆዳው ጥቁር ነው፣ የወጣው ጭማቂ ግን ውሃ የመሰለ። ቀዩ ቀለም ያለው ቆዳው ላይ ብቻ ነው።

ባለቤትየዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ትእዛዝ የሚወዱ ሴት ናቸው። ዘለላውን እንዳታፈርጡት፣ እንዳትወረውሩት፣ ሙሉውን እንዳለ አምጡት ይሉናል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ማታ መጥመቂያው ቤት ሲወስዱን ነው። ጋን በሉት፣ ግን ሲሚንቶ የሆነና ክፍል የሚያክል ጋን። ዘለላው ከነዘንጉ ሳይጨመቅ ይገለበጥበታል። ታች ያለው በራሱ ክብደት ይፈርጥና መፍላት ይጀምራል፣ ከሱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፣ ከዚያ ላይኛው ፍሬ ቆዳው ሳይፈነዳ ውስጥ ውስጡን መፍላት ይጀምራል። ከቆዳው ቀለሙና ሽታው ይወጣል፣ ያ አፍ የሚያደርቀው፣ ምላስ የሚይዘው ነገር ግን እምብዛም አይወጣም። ወይኑ የሚቀለው በዚህ ነው። ውሃ ስለተጨመረበት መስሎኝ ነበር፣ ይቅር በሉኝ። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ወደ ውስጥ ልመለከት ስል ሴትዮዋ በሸሚዜ አንገት ጎትተው መለሱኝ። ያ ጋዝ አይታይም፣ ሰው ግን ይገድላል።

ጋሜን የናቁት ጋሼ የመጀመሪያው አይደሉም። በፈረንጆቹ 1395 የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ ይህ ተክል ከግዛቴ ይነቀል ብሎ አዋጅ አስነገረ። ክፉና አታላይ ተክል ነው አለ። ብዙ ያፈራል፣ ወይኑ ግን መራራ ነው ብሎ ነው። ከቡርጎኝ በስተደቡብ ያለው የቦዦሌ ግራናይት ኮረብታ ግን ተስማማውና ይኸው እስከ ዛሬ አለ። በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ንቀት መጣ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ (በነሱ ኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ) ቦዦሌ ኑቮ የሚሉት አዲሱ ወይን ይወጣል፣ ከተለቀመ ገና ሁለት ወር ገደማ የሆነው፣ ካፌው ሁሉ ይሰክራል። እኔ ለጨዋታው እንጂ ለጣዕሙ አልጠጣውም። ሰው ግን ቦዦሌ ሲባል ያው እሱ ይመስለዋል። ፍለሪ ኑቮ ተብሎ መሸጥ የማይችል፣ ስማቸውን ለብቻ ጠርሙስ ላይ ከሚጽፉት 10 የቦዦሌ ቦታዎች አንዱ ነው።

እና ቀላል ማለት አያሰክርም ማለት አይደለም። ጠርሙሱ ላይ 13 በመቶ ይላል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ አላወራሁም። ምን ብዬ? ጣቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ብቻ አሳየኋቸው፣ «እሰይ፣ ሥራ ይልመድብህ» አሉ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ፈተና፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አገር ቤት ስናወራ ቆየን። ዶሮውን ጨረስን። ሁለተኛውን ብርጭቆ ስቀዳላቸው ቀመስ አደረጉና ፊታቸው ተኮማተረ።

«አሁንማ ሞቀ» አሉ፣ ጠርሙሱን ወደኔ እየገፉ። «ፍሪጅ መልሰው።»