ጽጌረዳው አላስቸገረኝም፣ ያስቸገሩኝ ሰርዶውና ኮሚቴው ናቸው

ይሄን የምጽፈው ኤችኦኤ (ደጃችሁ ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስን የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ያለበት ሰፈር ለምትኖሩና ደጃችሁ ላይ ጽጌረዳ ለመትከል ለምታስቡ ነው። ያን ረጅሙን ባለግንድ ጽጌረዳ አይደለም። መሬት ለመሬት የሚሰፋውን፣ "ጥገና አይፈልግም" የሚል ወረቀት የተንጠለጠለበትን አጭሩን ማለቴ ነው። ስለ አበባው ከሆነ ወረቀቱ አይዋሽም። ስለ መሬቱ ግን ትንፍሽ አይልም። ሥራው ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ቤቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ የማዕዘን ታውንሃውስ ነው። ከፊቱ ወደ እግረኛ መንገዱ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። እዚያ ላይ ሣር ማጨጃ የሚገፋ ሰው እግሩን የማይወድ ነው። ዝናብ ሲጥል ጭቃው መንገዱ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አፈሩን ሸፍኖ የሚይዝ፣ መስኮት የማይጋርድ፣ ከሜይ ጀምሮ ውርጭ እስኪመጣ የሚያብብ ነገር ፈለግኩ። የመረጥኩት ድሪፍት የሚባለውን ነው፣ ኮራል ቀለሙን። ቁመቱ አንድ ጫማ ተኩል፣ ስፋቱ ሁለት ጫማ ተኩል ገደማ ነው። ፍላወር ካርፔት የሚባለው የጀርመን ዝርያም ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ከፍ ይላል።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፣ ነጻ ነው፣ ግዴታም ነው። መጥተው የጋዙን በቢጫ፣ የውሃውን በሰማያዊ፣ የመብራቱን በቀይ ምልክት ያደርጉላችኋል። ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ጉድጓዱ የማሰሮውን ስፋት እጥፍ ይሁን። ማርች ላይ በዓመት አንዴ ግማሽ ጫማ ያህል አስቀርታችሁ ከርክሙት። የረገፈ አበባ መልቀም አያስፈልግም። ጃፓን ቢትል የሚባለው ጥንዚዛ ጁንና ጁላይ ላይ ይመጣል፣ በጠዋት ገና ሳይነቃ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ አራግፉት። አጋዘን ካለባችሁ እንቡጡን ይበላል፣ ሻጩ አይነካውም ቢላችሁም ይበላል። አለቀ።

አሁን ወደ ሰርዶው እንምጣ።

ቁልቁለቱን ሞልቶ የነበረው ሣር ሰርዶ ነው። እዚህ በርሙዳ ይሉታል። አገር ቤት የሚታወቀው ራሱ ነው። ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት ሲያዩት "ልጄ፣ ይሄማ ሲሳይ ነበር፣ ላም የለሽም እንጂ" ብለው ሳቁብኝ። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ ይባላል። ምኞቷ ሜሪላንድ ላይ አይሠራም፣ ማንም ቢሞት ይበቅላል። ከላይ በሐረግ ይሄዳል፣ ከታች በሥር ይሄዳል። ስትቆፍሩት ይቆራረጥና እያንዳንዷ አንጓ ያላት ቁራጭ ራሷን የቻለች ሰርዶ ትሆናለች።

መርጨት አትችይም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያለሁበት ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2015 ባወጣው ሕግ በግል ግቢ ሣር ላይ ብዙውን የተባይና የአረም መድኃኒት ከልክሏል። ፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቶ በ2019 ሕጉ ጸና። ቨርጂኒያ ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም። በሕጉ ቅር አላለኝም፣ ልጆች የሚጫወቱበት ደጅ ነው። ግን መርዙ ከተከለከለ የሚቀረው ፀሐይ ነው።

የፀሐዩ ዘዴ እንዲህ ነው። በበጋው ሙቀት ሣሩን አጭር አድርጋችሁ ታጭዳላችሁ፣ መሬቱን ውሃ ታጠግባላችሁ፣ ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ወጥራችሁ ጠርዙን አፈር ውስጥ ትቀብራላችሁ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ከሥሩ ያለው ሁሉ ይቀቀላል። የእርሻ ባለሙያዎች የሚመክሩት ነው እንጂ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጁላይ ላይ ዘረጋሁት። ፕላስቲኩ ውስጡ ላብ አውጥቶ ሰርዶው ሲገረጣ በየማታው እየወጣሁ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። "ከመንገድ የሚታይ፣ ለዓይን የማይስብ ቁሳቁስ" ይላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተነሳ ቅጣት አለው። ከደብዳቤው ጋር የፕላስቲኩ ፎቶ ተያይዟል፣ የራሴን ደጅ ለራሴ።

የኤችኦኤውን አስተዳደር ደወልኩ። በጣም ጨዋ የሆነች ልጅ አነሳችው፣ "ችግር የለም፣ የአርክቴክቸር ኮሚቴውን ፎርም ሙዪ" አለች። ፎርሙ የተዘጋጀው አጥር ለሚያጥርና በር ለሚቀይር ሰው ነው። ቁሳቁሱ ምንድን ነው? ፕላስቲክ። ቀለሙስ? ቀለም የለውም ብዬ ጻፍኩ። "ቀለም ያልተሞላበት ማመልከቻ አይታይም" ተብሎ ተመለሰልኝ። ግልጽ ብዬ ደግሜ ላክሁ። ተቀበሉት። የሚታየው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ ኦገስት ላይ ዕረፍት ነው። ፀሐይ የምታቃጥለው ኦገስት ላይ፣ ኮሚቴው የሚያርፈው ኦገስት ላይ! በሴፕቴምበር ቢፈቅዱልኝስ ምን ልቀቅልበት ነው?

እልህ ያዘኝና ሕግ ማንበብ ጀመርኩ። ሜሪላንድ በ2021 ያወጣችው ሕግ አለ። ኤችኦኤዎች ውሃ የሚቆጥብ፣ ወጪ የሚቀንስ፣ ለንብና ለቢራቢሮ የሚሆን አትክልት ለሚተክል ሰው ምክንያታዊ ያልሆነ ገደብ እንዳይጥሉ ይከለክላል። መነሻው ኮሎምቢያ ከተማ ያሉ ባልና ሚስት አትክልታቸውን ነቅላችሁ ሣር አድርጉ ተብለው ያደረጉት ክርክር ነው። ይሄን ጠቅሼ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ ሕጉ የሚናገረው ስለ ተክል ነው፣ ስለ ፕላስቲክ አይደለም። እውነታቸውን ነው፣ ያበገነኝም እሱ ነው። ቅጣቱ እየተቆጠረ ስለሆነ ፕላስቲኩን ጊዜው ሳይደርስ አነሳሁት።

ከላይ ሲታይ ሁሉም ደርቆ ገለባ መስሏል። ትንሽ ጫር ሳደርግ ግን ከሥር ነጭ፣ ወፍራም፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ሥር አገኘሁ። ሕይወት አለው። ሁለተኛው ጉድ ደግሞ የተከላው ፈቃድ ነው። ለጽጌረዳው የሰጡኝ ፈቃድ የጊዜ ገደብ አለው፣ ካለፈ ማመልከቻው ከሀ ይጀመራል። ማጽጃውን የከለከለኝ ኮሚቴ ሳይጸዳ ትከይ አለኝ ማለት ነው። በጋው አልፎ ቅዝቃዜ ሲገባ ተከልኩ።

በሚቀጥለው ሜይ ሲያብብ መንገደኛ ቆሞ ፎቶ ያነሳ ነበር። ኮሚቴውም በጋዜጣው ላይ የሰፈሩን ውበት ብሎ ፎቶውን አወጣ፣ ስሜን እንኳ አልጠቀሰም። ጁን ሲገባ በአበባው መሃል ቀጫጭን አረንጓዴ ክሮች ብቅ አሉ። ይሄኔ ነው "ጥገና አይፈልግም" የሚለው ወረቀት ትዝ ያለኝ። ረጅም ጽጌረዳ ከሆነ ከሥሩ ገብታችሁ ታርማላችሁ። ይሄኛው መሬት ላይ ስለተኛ እጅ የሚገባበት የለም። እስከ ክርን የሚደርስ የቆዳ ጓንት አድርጌ፣ ሆዴ ላይ ተኝቼ፣ በአንድ እጄ እሾሁን ወደ ላይ ይዤ በሌላው ሰርዶ እስብ ነበር። ሲሳብ ላዩ ይበጠሳል፣ ሥሩ ይቀራል። ክንዴን ያየች የሥራ ባልደረባዬ ድመት ገዛሽ እንዴ አለችኝ።

መጨረሻ ላይ በጣም የተወረረውን የታችኛውን ረድፍ በማርች፣ ቅጠል ሳያወጣ ነቀልኩት። ባልዲ ውሃ ውስጥ የእያንዳንዱን ሥር አጠብኩ። የሰርዶው ሥር በጽጌረዳው ሥር መሃል ሰንጥቆ አልፏል፣ በጣት እየለዩ ማውጣት ነው። ጽጌረዳዎቹን ለጊዜው በማሰሮ አድርጌ ጓሮ አኖርኳቸው።

ቦታውን ደግሞ በዚህ ጊዜ ማንንም ሳልጠይቅ ሸፈንኩት። ቴፑ የተላጠ ወፍራም ካርቶን፣ ተደራርቦ፣ ውሃ ጠጥቶ። በላዩ ላይ ግማሽ ጫማ የሚሆን ጥቁር መልች (አፈር ላይ የሚነሰነስ የተፈጨ የእንጨት ልጣጭ)። ከመንገድ ሲያዩት የተንከባከቡት ደጅ ነው፣ ኮሚቴው እስካሁን ካርቶን መኖሩን አያውቅም። ካርቶን ብቻውን ሰርዶ አይገድልም የሚሉ አሉ፣ ልክ ናቸው። ጠርዙ ላይ በአካፋ ቦይ አወጣሁ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ በስንጥቁ ብቅ ያለውን ነቀልኩ። አንድ ሙሉ በጋ ምንም ሳይተከል ቆየ። ከዚያ በኋላ የተመለሱት ጽጌረዳዎች ዛሬ ንጹሕ ናቸው። የላይኛው ረድፍ ላይ አሁንም ከሰርዶ ጋር እየተፋጠጥኩ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ከወረቀቱ ትንሽ ይለያል። ሰርዶ ካለባችሁ ጽጌረዳውን ገና አትግዙ፣ መጀመሪያ አንድ በጋ መሬቱን አስርቡ። የተከላ ፈቃዱንም መሬቱ ሳይጸዳ አታስገቡ፣ ካስገባችሁ ቀኑ መቁጠር ይጀምራል። አትክልተኛ የሚያነጥፈውን ጥቁር ጨርቅ እምቢ በሉ። ሰርዶ ይበሳዋል፣ ከዚያ ጨርቁና ሥሩ ተጠላልፈው ሁለቱንም ማውጣት አትችሉም። ርቀቱን ወረቀቱ ከሚለው ጠበብ አድርጉ፣ እኔ ሁለት ጫማ አድርጌዋለሁ። ቅርንጫፎቹ ቶሎ ከተያያዙ አረም ፀሐይ አያገኝም። አየር ያንሰዋል ይላሉ፣ የእኔን እስካሁን አላሳመመውም።

አንድ ነገር ብቻ ቸል አትበሉ። አዲስ ሲወጣ ያለው ቀይ ቀለም እንደተለመደው ወደ አረንጓዴ የማይለወጥ፣ እሾሁ ከመጠን በላይ የበዛ፣ እንደ መጥረጊያ አንድ ላይ የታጨቀ ቅርንጫፍ ካያችሁ ሮዝ ሮዜት የሚባለው ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም። አትከርክሙት፣ ከነሥሩ ነቅላችሁ በፌስታል አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፣ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። የሚያስተላልፈው በዓይን የማይታይ ተባይ ነው፣ በነፋስ ይሄዳል። ለኮሚቴ ሪፖርት ላድርግ ብላችሁ አትጠብቁ። እነሱ ስብሰባ እስኪጠሩ ሦስተኛው ቤት ደርሷል።