ፖኮኖ ተራራ ላይ ቲቤሪ ፍለጋ

በኅዳር አንድ ቅዳሜ እማዬን ይዤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ፔንሲልቬንያ ወጣሁ። አራት ሰዓት ያህል ነድተን ፖኮኖ ተራሮች ደረስን። የጋበዘችን የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ከእናቷ ቤት ጀርባ ያለው ጫካ የቤተሰቡ ነው።

ቲቤሪ የሚባለውን ትንሽ የጫካ ተክል ቆሞ የሚፈልግ አያገኘውም። ቁመቱ ስንዝር አይሞላም። ግንዱ እየተሳበ ይሄድና እዚህም እዚያም አጭር ቅርንጫፍ ብቅ ያደርጋል፤ አናቷ ላይ የሚያብረቀርቁ ወፍራም ቅጠሎች፣ ከሥራቸው ቀይ ፍሬ። የኦክ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል፤ እሱ ግን በዚያ ሁሉ ርጋፊ መሃል አረንጓዴ ነው። ፍሬው በረዶ ሥር ከርሞ ለጸደይ ይደርሳል አለችን ባልደረባዬ።

ተንበርክኬ አንድ ፍሬ ቀመስኩ። ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ጣፋጭነቱም ትንሽ ነው፤ ሲዋጥ ግን አፍ ውስጥ ቅዝቃዜ ይቀራል። ቅጠሉን ቀጥፌ አሸተትኩት። ምንም የለውም። «እሺው» አለችኝ። በጣቶቼ መሃል ሳሸው ሽታው ገነፈለ።

«ይሄማ የጉልበቴ ቅባት ነው!» አለች እማዬ።

እውነቷን ነው። የመገጣጠሚያ ቅባቶች ውስጥ የሚገባው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚመረተው በፋብሪካ ቢሆንም ዱሮ ከዚህ ቅጠል ይወጣ ነበር። ቅጠሉ ውስጥ ከስኳር ጋር ተሳስሮ ሽታ ሳይኖረው ይቀመጣል፤ ቅጠሉ ሲታሽ ኢንዛይም ያላቅቀዋል፣ ያኔ ይሸታል።

የአስፕሪን ዘመድ ስለሆነ ለእማዬ አላስቀመስኳትም፤ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ተጣርቶ የወጣው ዘይትማ ለማንም አይቀመስም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሕፃን ይገድላል። የቅጠሉ ሻይ ግን ለዘብ ያለ ነው፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ሲጠጡት ኖረዋል። የዕፅዋት ተመራማሪው ፔር ካልም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተክሉን በሳይንሳዊ ስሙ ጎልቴሪያ ያለው በኩቤኩ ሐኪም በጎልቲዬ ስም ነው። ባልደረባዬ ቅጠሉን ቀድማ ዘፍዝፋ አቆይታልኝ ነበር። አንድ ኩባያ ጠጣሁ፤ ፍሬውን ያስንቃል።

«ቡና ላይ እንደ ጤና አዳም ጣል ቢያደርጉት» አለች እማዬ፣ ኩባያዬን በዓይኗ እየተከተለች።

ስንመለስ ጨልሞ ነበር። የተኛች መስሎኝ ዞር ስል የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንዲት ቅጠል ታሻለች። መኪናው ውስጥ ሁሉ ሸተተ።